«እሰጥ አገባ»፦ ከችሎት እስከ ሮብ ገበያ

መግቢያ

በቃላት ጥናት ትምህርት ላይ «እሰጥ አገባ» የሚለውን እንድንፈታ ተጠይቀን እኔ «ጭቅጭቅ፣ ጠብ» ብዬ ጻፍሁ። መልሱም ትክክል ተብሎ ታረመልኝ። እንደሚታወቀው በጋዜጣና በሬዲዮም ቃሉ የሚነገረው በዚሁ ፍቺ ነው፤ «ሁለቱ ወገኖች እሰጥ አገባ ውስጥ ገቡ» ከተባለ መግባባት አቃታቸው ማለት ነው። ለእረፍት ወደ ሮብ ገበያ ሄጄ ይህንኑ ለአያቴ ብነግራቸው ግን ሳቁብኝ። «ጠብማ ከሆነ ማን ይሸጥልኛል?» አሉኝ። እሳቸው ቃሉን ዋጋ ለመከራከር ነው የሚሉት። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለቱ ፍቺዎች እንዴት እንደሚገናኙ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የቃሉ አሠራር

«እሰጥ አገባ» ስም ሆኖ ያገለግል እንጂ በውስጡ ሁለት ግሶች አሉት፤ «እሰጥ» እና «አገባ»። ዛሬ ዐረፍተ ነገር ስንዘጋ «እሰጣለሁ»፣ «አገባለሁ» እንላለን እንጂ «እሰጥ» ብለን አናቆምም። «አለሁ» የሌለበት ቅርጽ የሚገኘው በአብዛኛው እንደ «ስሰጥ» እና «አልሰጥም» ባሉ ጥገኛና አሉታዊ ቅርጾች፣ በተረትና ምሳሌ፣ እንዲሁም እንዲህ በደረቁ አባባሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ቃሉ የቆየ መሆኑን ራሱ ቅርጹ ይመሰክራል።

ግስ እንዳለ ስም የሆነበት ሌላም ምሳሌ አለ። «ይሉኝታ» የወጣው «ይሉኝ» ከሚለው ነው፤ ሰው ምን ይለኛል እንደ ማለት። «ይግባኝ» ደግሞ «ይግባልኝ» ከማለት የመጣ የፍርድ ቤት ቃል ሲሆን ከ«አገባ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ «ገባ»። በግዕዙ «አግብአ» ማስገባት፣ መመለስ፣ ማስረከብ ነው። እንግዲህ «እሰጥ አገባ» ማለት በቁሙ «ይህን እሰጣለሁ፣ ይህን አስገባለሁ» መባባል ነው።

ከችሎት ወደ ገበያ

መባባሉ የት ነበር ቢሉ በችሎት ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቹ «ብረታ ይህን ያህል ማር፣ ወይም ፈረስ፣ ወይም በቅሎ እሰጣለሁ» እያለ ይወራረድ ነበር። ይህም ውርርድ ይባላል፤ የተረታው ይከፍላል። ሰውየው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በንብረቱ ጭምር ነበር የሚናገረው። በከንቱ የሚጮህ ሰው በቅሎውን አይመድብም።

ገበያውም የችሎት ቃላትን የሚወድ ቦታ ነው። «ተከራከረ» ለዳኛም ለዋጋም ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ሕጉ የገበያውን ቃል ይጠቀማል። ቀብድን እንውሰድ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ይህን ሕጉን ሳያነብም ያውቀዋል።

በገበያ ያየሁት

በዚያው ሰሞን አያቴ ሽምብራ እንድገዛ ላኩኝ። ሻጯ በጣሳ መቶ ሃያ ብር አለችኝ። የተማርሁ ነኝና አልጨቃጨቅም ብዬ ወዲያው ሰጠኋት። ሴትዮዋ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ «አሳንሼ ጠራሁ እንዴ?» አለች ለጎረቤቷ። አያቴም ሲሰሙ «አሳፈርኸኝ!» አሉና በሳምንቱ ሮብ ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ።

«ስንት ነው ልጄ?»

«መቶ ሃያ ነው እናቴ።»

«ዘጠና ልስጥሽ?»

«ኧረ አያዋጣኝም! መቶ አሥር ይውሰዱ።»

«ይኸው መቶ፤ በይ ስፈሪ።»

«መቶ አምስት ያድርጉት፣ የእርስዎም የእኔም ይሁን።»

በዚሁ ተስማሙ። ጣሳው ከሞላ በኋላ አያቴ «በይ መርቂልኝ» አሉ። ሻጯ አንድ እፍኝ ጨመረች። አያቴም «ገበያ ይቅናሽ» ብለው መረቋት።

እዚህ ላይ «መረቀ» የሚለውን ልብ ይሏል። ሻጭ በተሰፈረው ላይ ሲጨምር «መረቀ» ይባላል፤ ጭማሪው «ምራቂ» ወይም «ምርቃት» ነው። ሽማግሌ መልካም ሲመኝም «መረቀ» ነው። በአንድ ጣሳ ሽምብራ ላይ ሻጯ በእፍኝ መረቀች፤ ገዢዋ በቃል መረቁ። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት አሥራ አምስት ብር አብልጬ ከፍዬ ምራቂም ምርቃትም አላገኘሁም። መጠየቁም ትዝ አላለኝ።

ማጠቃለያ

ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው «እሰጥ አገባ» በመነሻው ከንቱ ጭቅጭቅ አይደለም። በችሎት ንብረት እየመደቡ፣ በገበያ ደግሞ ብር እየጠሩ ወደ አንድ ውሳኔ መድረሻ መንገድ ነው። ችሎቱ በፍርድ፣ ገበያው በምራቂ ይዘጋል። የዛሬው ፍቺ መሀሉን ይዞ መጨረሻውን የተወ ይመስለኛል።

ይህን ስል የጋዜጣው ፍቺ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ቃል ሲኖር ይለወጣል። ሆኖም «ጠብ» ብቻ ብለን ከጻፍነው፣ እንደ አያቴ ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ ሮብ የሚያደርጉትን ነገር ጠብ አልነው ማለት ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ለዚያውም ማርክ አግኝቼበት። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሆናችሁ የክፍሌ ተማሪዎችም ለእረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ በአካባቢያችሁ ገበያ ዋጋ መከራከርን ምን እንደሚሉት፣ በመጨረሻም ምን ተባብለው እንደሚለያዩ ጠይቁ። መዝገበ ቃላት ከማየታችሁ በፊት ግን አንድ ጣሳ እህል ግዙ፤ ምራቂውንም መጠየቅ አትርሱ።