ትምህርት 14፤ ማስረጃንና ግምትን ለይቶ መጻፍ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ብዙ ሳይጽፍ ቢያልፍ ታሪኩን ማን ይናገርለታል? በሰሜንና በምሥራቅ ስኮትላንድ ይኖሩ የነበሩት ፒክቶች እንዲህ ያለ ሕዝብ ነበሩ። ስማቸው እ.ኤ.አ. በ297 ገደማ በላቲን ቋንቋ በተደረገ የውዳሴ ንግግር ውስጥ ይገኛል፤ ተናጋሪው ግን ከባላጋራዎቻቸው ከሮማውያን ወገን ነበር። በ900 ገደማም የመንግሥታቸው ስም «አልባ» በሚል ስም ተተካ። የተቀረጹ ድንጋዮችን ትተዋል፤ ስለ እርሻቸውና ስለ ጓዳቸው ግን ድንጋዩ የሚናገረው ጥቂት ነው። የአገሩ አፈርም በብዙ ስፍራ አሲድነት ስላለው አጥንትን ቀስ በቀስ ይበላል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች በዓይን የማይታየውን የዕፅዋት ቅሪት ምስክር አድርገው ጠሩት። የመጀመሪያው ምስክር የአበባ ብናኝ ነው። የብናኝ ቅንጣት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ቢሆንም ልባሱ እጅግ ጠንካራ ነው። አየር በማይደርስበት ረግረግና በሐይቅ ወለል ውስጥ ብዙ ሺህ ዓመት ይቆያል። በየዓመቱ የሚዘንበው ብናኝ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚነጠፍ፣ የታችኛው ንጣፍ ቀዳሚ፣ የላይኛው ተከታይ ይሆናል። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት በ1916 ባቀረበው ጥናት ይህ ንጣፍ እንደ መጽሐፍ ሊነበብ እንደሚችል አሳየ። የዛፍ ብናኝ እያነሰ የሣርና የጎርጠብ ወገን ብናኝ ሲበዛ፣ ደኑ ተመንጥሮ ከብት እንደ ተሰማራበት ይጠቁማል።

ሁለተኛው ምስክር ፋይቶሊት ነው። ተክል ከውሃ ጋር የሚስበው ሲሊካ በሕዋሶቹ ውስጥ ይጠጥራል። ተክሉ ቢበሰብስ ወይም ቢቃጠል እንኳ፣ የሕዋሱን ቅርጽ የያዘው ደቂቅ ጠጠር ይቀራል። በዚህም ባዶ ከሚመስል የቤት ወለል ላይ የሣርንና የገለባን ዱካ ማግኘት ይቻላል። በፒክቶች መንደር የተገኘው የከሰለ እህል ደግሞ ገብስና አጃ ይጠቀሙ እንደ ነበር ያስረዳል።

ነገር ግን ምስክሩ ሁሉ እኩል አይናገርም። የጥድ ብናኝ በነፋስ ከሩቅ አገር ሊመጣ ይችላል፤ ገብስና አጃ ግን ብናኛቸውን በብዛት አይበትኑም። ስለዚህ «የገብስ ብናኝ ስላልተገኘ እርሻ አልነበረም» ማለት ስሕተት ነው።

ለ. ማብራሪያ

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ፤

1. በወለሉ ላይ የገለባ ፋይቶሊት ተገኘ።
2. ይህም ገለባ ወደ ቤቱ ይገባ እንደ ነበር ያመለክታል።
3. ሰዎቹ ገለባውን ጎዝጉዘው ሳይተኙበት አልቀሩም።

የመጀመሪያው የታየውን ይመዘግባል። ሁለተኛው ከታየው ተነሥቶ ይደመድማል። ሦስተኛው ይገምታል፤ ገለባው ለከብት መኖም ሊሆን ይችላልና። «ተገኘ»፣ «ያመለክታል»፣ «ሳይ… አልቀሩም» የሚሉት ቃላት የጸሐፊውን የእርግጠኝነት መጠን የሚለኩ ናቸው። ሦስተኛውን «ሰዎቹ ገለባ ላይ ይተኙ ነበር» ብላችሁ ብትጽፉት፣ ተነሥቶ ሊያስተባብላችሁ በማይችል ሕዝብ ላይ ያላያችሁትን መሰከራችሁ ማለት ነው። ግምት አይከለከልም፤ ግምት መሆኑ ግን ከግሡ ይታወቅ።

ሐ. መልመጃ

1. የብናኝ ልባስ ጠንካራ መሆኑ ለተመራማሪ ምን ይጠቅመዋል?
2. «የጥድ ብናኝ ስለ ተገኘ በመንደሩ ጥድ ይበቅል ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግሡን ለውጣችሁ አቃኑ።
3. ባለቤቱ የሌለበትን አንድ ክፍል በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልክታችሁ ሦስት አንቀጾች ጻፉ። በመጀመሪያው የታየውን፣ በሁለተኛው የተደመደመውን፣ በሦስተኛው የተገመተውን ብቻ አስፍሩ።