የፈረስ መኖ፦ የፕሮቲኑ ብዛት ወይስ ጥራቱ?

በመኖ ከረጢት ላይ የተጻፈው የፕሮቲን መቶኛ ብቻውን ለፈረስ የሚበጀውን አይነግርም። ቁጥሩ የሚገኘው በመኖው ያለው ናይትሮጂን ተለክቶ በ6.25 ሲባዛ ነው። ስለዚህ ዩሪያ የተጨመረበት የከብት መኖም ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ይታያል።

በሬ የሚያመነዥክ በመሆኑ ጨጓራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ዩሪያን ወደ ፕሮቲን ይለውጡለታል። ፈረስ ግን አሚኖ አሲድ የሚያገኘው በትንሹ አንጀት ከሚፈጨው ፕሮቲን ነው፤ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያለፈው ብዙም አይጠቅመውም።

በፈረስ መኖ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎድለው አሚኖ አሲድ ላይሲን ነው። እሱ ካነሰ ሌላው ቢትረፈረፍም ውርንጭላው በወጉ አያድግም፤ ትልቁም ጡንቻው ይመነምናል። 500 ኪሎ የሚመዝን ሥራ የሌለው ፈረስ በቀን 630 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ከዚህም 27 ግራሙ ላይሲን መሆን አለበት።

በገብስ፣ በስንዴ ፉርሽካና በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ፕሮቲን ውስጥ የላይሲን ድርሻ አነስተኛ ነው። የጥጥ ፍሬው ጎሲፖል የተባለ መርዛማ ነገርም አለው። የአኩሪ አተር ፋጉሎና ባቄላ ይሻላሉ፤ ጥሬ አኩሪ አተር ግን የፕሮቲን መፈጨትን ስለሚያውክ ተቆልቶ ይሰጣል።

ነጋዴው ለፈረስ መኖ ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከምን ተሠራ? ዩሪያ አለበት? ላይሲኑስ ስንት ነው?