ከውጅግራ እስከ ትራፕ ጠመንጃ፦ የቆዩ ጠመንጃዎችን የሚያስረጃቸው ምንድን ነው?

መግቢያ

በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ ዘመተ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። በዚያ ዘመን በሠራዊቱ እጅ በብዛት ከነበሩት ጠመንጃዎች መካከል ሬሚንግተንና በ1874 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የፈረንሳይ ግራስ ይገኙበታል። «ውጅግራ» የሚለው የአማርኛ ስያሜም የግራስን ጠመንጃ ከሚያመለክተው «ፊዚ ግራስ» ከተባለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ ለወላይታ ታሪክ ውጅግራ የብረት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የዘመቻው ዘመን ሰነድም ነው። ሰነዱ እንዳይጠፋ የሚያጠፋውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያሻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መፋተግና ዝገት የሚያደርሱትን ጉዳት በንጽጽር ማሳየት ነው።

መፋተግ፦ የትራፕ ጠመንጃ ምሳሌ

ትራፕ በአየር ላይ የሚወነጨፍ የሸክላ ዒላማ የሚመታበት የስፖርት ተኩስ ነው። በኦሊምፒክ ማጣሪያ አንድ ተወዳዳሪ 125 ዒላማዎች ይቀርቡለታል፤ በእያንዳንዱም ላይ እስከ ሁለት ጊዜ መተኮስ ይፈቀድለታል። ልምምዱ ሲታከልበት አንድ ጠመንጃ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ጥይት ሊተኩስ ይችላል። ይሁንና አፈሙዙ በቶሎ አይበላም፤ የሚተኮሰው ደቃቅ እርሳስ ለስላሳ ከመሆኑም በላይ በዘመናዊው ጥይት ውስጥ በፕላስቲክ ታቅፎ ይወጣል። ጉዳቱ የሚበረታው ጠመንጃው ታጥፎ በሚከፈትበት ፒንና በመቆለፊያው ላይ ነው። በተኩሱ ምት እነዚህ ክፍሎች ሲላሉ ጠመንጃው ተዘግቶም ይነቃነቃል። በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ የትራፕ ጠመንጃዎች ረጅም ዕድሜ የሚኖራቸው እነዚህ ክፍሎች ሊለወጡ ወይም ሊታደሱ ስለሚችሉ ነው። እንግዲህ የትራፕ ጠመንጃ ዕድሜ በጥይት ብዛት ይለካል፤ ጉዳቱም በአብዛኛው የሚጠገን ነው።

ዝገት፦ የውጅግራ ምሳሌ

ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አፈሙዝ የተገጠመለት ጠመንጃ ነው። መቀርቀሪያው ጥቂት ክፍሎች ብቻ አሉት። ሬሚንግተንም ቢሆን የሚዘጋውና የሚመታው ክፍል በሁለት ወፋፍራም ፒኖች ላይ የሚዞሩበት ቀላል አሠራር ያለው ነው። የውጅግራው ጥይት በወረቀት የተጠቀለለ እርሳስ በመሆኑ አፈሙዙን ብዙ አይፍቀውም። በመፋተግ ረገድ ሲታዩ ሁለቱም ብርቱዎች ናቸው።

ጠላታቸው ጥቁር ባሩድ ነው። ይህ ባሩድ በግምት 75 በመቶ ጨው ጴጥሮስ (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ 15 በመቶ ከሰልና 10 በመቶ ድኝ ይዟል። ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። በዝቃጩ ውስጥ ያሉት የፖታሲየም ጨዎች ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ እርጥበቱም ብረቱን ያዝገዋል። በቀድሞዎቹ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ክሎሬትም ተመሳሳይ ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ሳይታጠብ ዘይት ብቻ የተቀባ አፈሙዝ ከላይ እያብለጨለጨ ከውስጥ ሊበላ ይችላል። ከአንድ ተኩስ በኋላ ሳይታጠብ የተቀመጠ ጠመንጃ ብዙ ተኩሶ በየጊዜው ከታጠበው ይልቅ ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አያያዝ በወላይታ የአየር ጠባይ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ወላይታ ሶዶ በበልግም በክረምትም ዝናብ ታገኛለች። እርጥበቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመለስ አሮጌው ጨው የጀመረው ዝገት ደጋግሞ ይቀሰቀሳል። ጠመንጃን በቆዳ ጠቅልሎ ማስቀመጥም እርጥበቱን ከብረቱ ጋር አብሮ መዝጋት ነው።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ደግሞ ሌላ ጥፋት ያስከትላል። በግራስ ጠመንጃ አካል ላይ የተሠራበት ፋብሪካ ስምና የሞዴሉ ዓመት ተቀርጸዋል። መሣሪያው የት እንደተሠራ የሚመሰክሩት እነዚህ ጽሑፎች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቁ አይመለሱም።

መደምደሚያ

የትራፕ ጠመንጃን ተኩስ ያስረጀዋል፤ ውጅግራን ግን ከተኩስ በኋላ ያለው ቸልታ ያስረጀዋል። የመጀመሪያው ፒን በመለወጥ ሊታደስ ሲችል ሁለተኛው የጠፋበትን ብረትና ጽሑፍ መልሶ አያገኝም። ስለሆነም በወላይታ ለቅርስነት የሚጠበቅ የቆየ ጠመንጃ ባዶ መሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሊረጋገጥ፣ ጽሑፎቹ ፎቶግራፍ ሊነሡ፣ ጨው በሌለው ስስ ዘይት ተቀብቶም አየር በሚያገኝ ደረቅ ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል። ከውጭ ጤነኛ ቢመስልም ሊተኮስበት አይገባም፤ ከውስጥ በዝገት የሳሳ አፈሙዝ ሊፈነዳ ይችላልና።