የቴክሳስ የሕክምና ቦርድ ዕድሜ በሕግ የሚታደሰው ለምንድን ነው?

የሐኪም ፈቃድ ከማን ይገኛል?

በዩናይትድ ስቴትስ ሐኪም የሚሠራው በፌዴራል መንግሥት ሳይሆን በየግዛቱ ፈቃድ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግዛቶች ይህ ሥልጣን እንዳላቸው በ1889 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አረጋግጧል። ስለዚህ በጎንደር ተመርቆ ዳላስ ውስጥ ማከም የሚሻ ሐኪም ማመልከቻውን የሚያስገባው ለቴክሳስ የሕክምና ቦርድ ነው።

ቦርዱ ፈቃድ ይሰጣል፣ የታካሚዎችን አቤቱታ ይመረምራል፤ ጥፋት ሲረጋገጥም ፈቃድ እስከ መሰረዝ የሚደርስ ቅጣት ይወስናል። ከ19 አባላቱ 12ቱ ሐኪሞች ናቸው። ሰባቱ ከሙያው ውጭ ያሉ የሕዝብ ተወካዮች ሲሆኑ፣ ሁሉንም የሚሾማቸው አገረ ገዥው ነው፤ ሹመቱን የግዛቱ ሴኔት ያጸድቃል።

የማብቂያ ቀን ምን ይጠቅማል?

አንድ መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ የሚያስፈልግ መሆኑን ጠያቂ ሳይኖረው ለብዙ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ይህን ለመከላከል በመጀመሪያ ኮሎራዶ በ1976፣ ቀጥሎ ቴክሳስ በ1977 የ«ሰንሴት» ሕግ (የመሥሪያ ቤትን ዕድሜ በቀን የሚገድብ ሕግ) አወጡ። በቴክሳስ የተለመደው የጊዜ ገደብ 12 ዓመት ነው። ቀኑ ሲቃረብ አምስት የሴኔት አባላት፣ አምስት የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና ሁለት የሕዝብ ተወካዮች ያሉበት ኮሚሽን መሥሪያ ቤቱን ያስመረምራል፣ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ የውሳኔ ሐሳብም ያቀርባል።

የሕጉ ጉልበት ያለው የማስረዳቱን ሸክም በማዞሩ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱን ለመዝጋት አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ሕግ የሚያስፈልገው ለማቆየት ነው። ለሕክምና ቦርድ ደግሞ ምርመራው ከሌሎች ይልቅ ተገቢ ነው። ሐኪምን ለመዳኘት የሐኪም ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ሆኖም ቦርዱ ለሙያ ባልደረቦቹ ያደላ እንደሆነ የተጎዳ ታካሚ ቤተሰብ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ በይፋ የሚታይበት መድረክም ሊኖረው ይገባል።

በ2017 ምን ተፈጠረ?

የቴክሳስ ሕግ አውጪ አካል በመደበኛነት የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ፣ ቢበዛ ለ140 ቀናት ነው። በ2017 ሴኔቱና የተወካዮች ምክር ቤቱ በሌሎች ጉዳዮች ተጋጭተው ሳለ የሕክምና ቦርዱን ዕድሜ የሚያራዝመው ረቂቅ ሕግ መደራደሪያ ሆነ፤ ጉባኤውም ሳያጸድቀው ተበተነ። የሕክምና ቦርዱ ከሌሎች አራት ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች ጋር የመዘጋት አደጋ ተደቀነበት። ሕጉ ለመዘጋት ሥራ የአንድ ዓመት ጊዜ ቢሰጥም አደጋው ከባድ ነበር፤ ከቦርዱ ጋር የሐኪሞችን ሥራ የሚገዛው የሕግ ክፍልም ያበቃ ነበርና።

አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በጁላይ ልዩ ጉባኤ ጠሩ፤ ማራዘሚያውንም ከሌሎች አጀንዳዎች ሁሉ አስቀደሙ። ቦርዱ የሁለት ዓመት ዕድሜ አገኘ። ገደቡ ሕግ አውጪዎችን እንዲሠሩ ማስገደዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ቦርዱ ምንም ቅሬታ የሌለው ወገን እንኳ በዚያው ገደብ ሌላ ጥቅም ሊያስፈጽምበት መቻሉ የአሠራሩ እውነተኛ ድክመት ነው። ታካሚዎች በማያገባቸው ክርክር ጠባቂያቸውን ለማጣት ተቃርበው ነበር።

ሙሉ እድሳቱ የተገኘው በ2019 በወጣው ሕግ ሲሆን ቀጣዩ የማብቂያ ቀን ሴፕቴምበር 1 ቀን 2031 ሆኖ ተወስኗል።