ልጅ ያቦካው ጭቃ ለትምህርት ይበቃል

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገሩ ስለ ሊጥ ከሆነ እውነት ነው፤ ሕፃን ያቦካው ሊጥ እንጀራ ሆኖ ቤተሰብ አያጠግብም። ነገር ግን እኛ ዕጩ መምህራን አባባሉን ያለ ቦታው እየወሰድን፣ ልጅ በእጁ የሚሠራውን ሁሉ እንደ ዋዛ ማየት ለምደናል። ጭቃው ቆሻሻ፣ ሽቦው ኮተት፣ ጠጠሩ ደግሞ የሥራ ፈት መዋያ ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ልጅ በክረምት በቤቱ መጫወቻውን ራሱ ሲሠራ ይለካል፣ ይቆጥራል፣ ያነጻጽራል፣ ተሳስቶም ያርማል። የመምህሩና የወላጁ ድርሻ መጫወቻውን ሠርቶ መስጠት ወይም ጨዋታውን የክፍል ትምህርት ማድረግ አይደለም። ሥራውን በአክብሮት ተመልክቶ በሰዓቱ አንድ ጥሩ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

1ኛ. ከራሳችን ስሕተት እንጀምር

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ተማሪ ከሽቦና ከአሮጌ ሸበጥ የሠራውን መኪና ይዞ ክፍል ገባ። «ይሄ የጨዋታ ቦታ አይደለም!» ብለን ከእጁ ወሰድንና መስኮቱ ሥር ወረወርነው። ሲወድቅ አንዱ ጎማ ወለቀ። ከዚያ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረን ስለ ክብ መጠነ ዙሪያ ማስተማር ጀመርን። በጠመኔ ክብ ሣልን፤ ቀመሩን ጻፍን፤ ተማሪዎቹም ገለበጡ። ስንጠይቃቸው ግን መልስ የሰጠን አልነበረም።

ከትምህርቱ በኋላ ሊከታተሉን የመጡት መምህራችን «ምን መርጃ መሣሪያ ተጠቀማችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም በድፍረት «ትምህርት ቤቱ ውስጥ መርጃ መሣሪያ የለም» አልናቸው። እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ መኪናውንና የወለቀውን ጎማ አንሥተው ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡልን። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም። አራት የሚሽከረከር ክብ ዐይናችን ሥር እያለ፣ የማይሽከረከር ክብ በጠመኔ ስንሥል ነበር የዋልነው።

ባለመኪናው ልጅ ያን ቀን አንድም ጊዜ እጁን አላወጣም። ልምምዳችን በዚያው ሳምንት ስላለቀ ይቅርታ ሳንጠይቀው ወጣን። ዝምታው እስካሁን ይከነክነናል።

2ኛ. ክረምቱን ለምን መረጥን?

ትምህርት ሰኔ ላይ ተዘግቶ መስከረም ላይ ሲከፈት በመካከሉ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን አሉ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ብዙ ነገር በዚህ ጊዜ ይዘነጋል። ጉዳዩ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። አሜሪካዊው ሐሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በአገራቸው የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተማሪዎች ከረጅሙ ዕረፍት ሲመለሱ ውጤታቸው በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ጉዳቱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ ይብሳል። ቁጥሩ የአሜሪካ ስለሆነ እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይገባም። ነገር ግን በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ማባዛትን እንደ አዲስ ያስተማረ መምህር ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ልጁን ክረምቱን ሁሉ ደብተር ላይ መድፋት ነው? አይደለም። ለብዙ ልጆቻችን ክረምት ዕረፍት እኮ አይደለም። በገጠር ከብት ይጠበቃል፣ አረም ይታረማል። ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች። በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ብንጨምር ትምህርት የሚባለውን ነገር ጨርሰው ይጠሉታል። ስለዚህ ትምህርቱ ልጁ ወደሚውልበት ቦታና በእጁ ወደያዘው ነገር መሄድ አለበት።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. በብላንክንቡርግ ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ ከፍቶ ነበር፤ በ1840 «የሕፃናት የአትክልት ሥፍራ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም አወጣለት። ፍሮቤል ለሕፃናት ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች የመጀመሪያው ምን ነበር? ከክር የተሠራ ለስላሳ ኳስ! እንግዲህ የእኛ ሰፈር ልጅ ካልሲ ውስጥ ቡትቶ ጠቅጥቆ የሚሠራው የጨርቅ ኳስ ከዚህ በምን ያንሳል? እንዲያውም የፍሮቤልን ኳስ የሚያዘጋጀው ዐዋቂ ሲሆን፣ የእኛን ግን የሚሠራው ልጁ ራሱ ነው።

3ኛ. በአንድ ቤት ያየነው

ባለፈው ክረምት ከእኛ የአንዳችን ታላቅ እኅት ቤት በእንግድነት ሰንብተን ነበር። የቤቱ እመቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። የስድስት፣ የዘጠኝና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አሏቸው። በክረምት ልጆቹን ቤት ውስጥ የሚያስተምሯቸው እሳቸው ናቸው። ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ በቤቱ አላየንም። ከበሩ አጠገብ ግን አንድ ካርቶን አለ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ቆርኪ፣ ሽቦ፣ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ይጠራቀምበታል። «ከዚህ ካርቶን የፈለጉትን ያነሣሉ፤ የተረፈውን ግን መመለስ ግዴታ ነው» አሉን።

አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ የሽቦ መኪናውን ይዞ መጣ።

«አጎቴ፣ መኪናዬ ለምን ወደ ግራ ብቻ ይሄዳል?»

አጎትየው ሊጠግንለት እጁን ሲዘረጋ እናትየው አቋረጡት። «ተወው እባክህ፣ እሱ ያግኘው! አንተ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው።»

ነገሩ ስለ መኪናው ብቻ እንዳልሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው። ጥቂት አሰብንና «ጎማዎቹ እኩል ናቸው?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ አንዱን ጎማ ወረቀት ላይ አኑሮ ዙሪያውን በእርሳስ አሠመረ። ሁለተኛውን በሥዕሉ ላይ ሲያስቀምጠው የግራው አንሶ ተገኘ።

«አሃ! አንዴ ሲዞሩ የቀኙ ብዙ ይሄዳል፤ የግራው ወደ ኋላ ይቀራል!» አለ።

ከዚያ ወዲያ እሱን ማቆም አልተቻለም። የእናቱን የልብስ ሜትር አምጥቶ አዲስ ጎማ ቆረጠ፤ ወርዱ በመሐሉ ሲለካ 7 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጎማው ላይ ምልክት አድርጎ መሬት ላይ አንድ ዙር ሲያሽከረክረው 22 ሴንቲ ሜትር ሄደ። «ዐሥር ጊዜ ቢዞርስ?» አልነው። ሳይጽፍ «ሁለት ሜትር ከሃያ!» አለን። የክብ ዙሪያ የዲያሜትሩን ሦስት እጥፍ ከአንድ ሰባተኛ ያህል መሆኑን እኛ በጠመኔ ማስጨበጥ አቅቶን ነበር። እሱ ግን በግማሽ ሰዓት በእጁ ዳሰሰው። ቀመሩ ሲመጣለት የሚያውቀውን ነገር ስም መስጠት ብቻ ይሆንለታል።

በዚያው ሰሞን ትንሿ ልጅ ከጭቃ ላሞች ትሠራ ነበር። ሲደርቁ እየተሰነጠቁ አስለቀሷት። አያትየዋ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ ግን «ነይ ልጄ፣ ግድግዳ ሲመረግ አላየሽም? ጭድ ጨምሪበት» አሏት። ጨመረች፤ ላሞቹም ቆሙላት።

4ኛ. መጫወቻዎቹና በውስጣቸው ያለው ትምህርት

ሀ/ ጭቃ። አንዱን ድብልብል ጭቃ በልጁ ፊት እንደ እባብ እናርዝመውና «አሁን ጭቃው በዛ፣ አነሰ ወይስ ያው ነው?» ብለን እንጠይቀው። የስዊሱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እንዳስተማረው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ያልደረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «በዛ» ይላል፤ ርዝመቱን እንጂ መጠኑን አያይምና። ይህን በሳይኮሎጂ ትምህርታችን ለፈተና ሸምድደነዋል። ከጭቃው ጋር ከተቀመጠ ልጅ ስንሰማው ግን የሚረሳ አይሆንም። ልጁ ቢሳሳት አንቆጣው። እንደገና ራሱ ድብልብል ያድርገው።

ለ/ ገበጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንደኛው ዓይነት ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም ሦስት ጠጠር ያለው ነው። «ስንት ጠጠር ለቅመን እንምጣ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ማባዛት ነው፤ 18 ጊዜ 3፣ 54 ይሆናል። «አራት አራት ብናደርገውስ?» 72። ከዚህም ሌላ ጠጠሩ የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሞ መገመት ልጁን በልቡ መቁጠርን ያስለምደዋል።

ሐ/ ጅራፍ። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ቡሄ ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ይገምዳሉ። «ቃጫው ሳይገመድ ርዝመቱ ስንት ነበር? ከተገመደስ በኋላ ለምን አጠረ?» እንበላቸው። ትልልቆቹን ደግሞ ጅራፍ ለምን እንደሚጮህ እንጠይቃቸው። ጫፉ ከድምፅ የበለጠ ፍጥነት ስለሚያገኝ ነው። ይህን የሰማ ልጅ ስለ ድምፅ ለመማር መስከረምን ይናፍቃል።

መ/ የካርቶን ፊደል። የፊደል ገበታችን 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ በጠቅላላው 231 ሆሄያት አሉት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከማብዛት አራት ረድፍ መርጠን፣ 28 ቁራጭ ካርቶን ልጆቹ ራሳቸው ቆርጠው ይጻፉ። ቁራጮቹ ተደፍተው ይደባለቁ፤ ተራ በተራ እያነሡ ቤተሰቡን ያገናኙ፤ ቀጥሎም ቃል ይመሥርቱ። የጎደለውን ሆሄ ፍለጋ ሲጨቃጨቁ መስማት ደስ ይላል።

ሠ/ የዝናብ መለኪያ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ዛፍና ጣራ በማይከልለው ቦታ ይቀመጥ። ልጁ ጠዋት ጠዋት ውኃውን በማስመሪያ ለክቶ ይጻፍና ይድፋው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። የቤቱ ጣራ 4 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል ያህል ውኃ ወርዶበታል። ውኃ እየቀዳች ለምትደክም ልጅ ይህ ቁጥር የወረቀት ቁጥር አይደለም።

5ኛ. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ጨዋታውን ፈተና አናድርገው። ጥያቄ ካበዛን ልጁ መጫወቻውን ይዞ ይሸሸናል፤ እውነቱንም ነው። ለአንድ መጫወቻ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ካልመለሰም ይደር።

ሁለተኛ፣ እጃችንን እንሰብስብ። እኛ አሳምረን የሠራንለት መኪና የእኛ ነው። የእሱ ጠማማ መኪና ግን ያስተምረዋል።

ሦስተኛ፣ ሴቶቹን አንርሳ። ወንዱ መኪና ሲነዳ እሷ ማጀት የምትውል ከሆነ ትምህርቱ ለግማሹ ቤት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ሽቦውም ጭቃውም ለእሷ ይድረስ፤ ወንዱም ቅልብልቦሽ ይጫወት፣ መርፌም ይያዝ።

አራተኛ፣ ደኅንነትን እናስብ። የሽቦ ጫፍ ይታጠፍ። ጅራፍ ሰው በሌለበት ሜዳ ይጩህ፤ ዐይን አይተካም። በጭቃ የተጫወተ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሙላት ወዳለበት ወንዝ ጭቃ ፍለጋ አይወረድ።

6ኛ. ለዚህ ክረምት የምናቀርበው ሐሳብ

እኛ ሠልጣኞች በቅርቡ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ታናናሾች፣ የእኅትና የወንድም ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች ይጠብቁናል። እያንዳንዳችን ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጠን አንድ መጫወቻ ሲሠራ እንመልከት። ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር እንጻፍ፤ መጫወቻው ከምን ተሠራ? ልጁ ምን ቸገረው? እኛስ ምን ጠየቅነው? ልጁ ፈቅዶ መጫወቻውን ከሰጠን፣ ወይም አንድ ሌላ ከሠራልን፣ መስከረም ላይ ከወረቀቱ ጋር ወደ መርጃ መሣሪያ ማዕከላችን እናምጣው። መምህሮቻችንም ወረቀቶቹን አይተው ያርሙን፤ ጥያቄ መጠየቅ ልምምድ የሚፈልግ ሙያ ነውና።

ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ምናልባት ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ በቀር ምንም አይኖረው ይሆናል። ያን ጊዜ «መርጃ መሣሪያ የለም» ከማለታችን በፊት፣ የተማሪዎቻችንን እጅና ኪስ እንመልከት። ያን ባለመኪና ልጅ መልሰን አናገኘው ይሆናል። እሱን የሚመስሉ ግን በየክፍሉ ተቀምጠው ይጠብቁናል።