ለዠማሪ ቀስተኛ የሚስማማ ፍላጻ ስለ መምረጥ

ቀስት መወርወር የሚማር ልጅ መዠመሪያ የሚመኘው ብርቱ ቀስት ነው፤ ስለ ፍላጻው ግን አይጠይቅም። ነገር ግን ቀስት ኀይልን ይሰጣል እንጂ መንገድን አይሰጥም፤ መንገዱን የሚጠብቀው ፍላጻው ነው። ስለዚህ ፍላጻ ለወርዋሪው ክንድ፥ ለቀስቱ ኀይልና አብረውት ላሉት ፍላጾች የተስማማ ይኾን ዘንድ መምህሩ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። በዚህ ትምህርት ቀስት የምንለው የሚለጠጠውን ደጋን፥ ፍላጻ የምንለው ከአውታሩ ተነሥቶ የሚኼደውን ነው።

፩ኛ፤ ስለ ርዝመት።

ከጕድለት ኹሉ የሚያስፈራው የፍላጻ ማጠር ነው። አጭር ፍላጻ በሙሉ ሲሳብ ጫፉ ከቀስቱ ወደ ኋላ ዐልፎ ቀስቱን በያዘው እጅ ላይ ይወድቃል፤ በዚያን ጊዜ አውታሩ ቢለቀቅ የልጁን እጅ ይበሳዋል። ስለዚህ የታናሹን ፍላጻ ለታላቁ ማዋስ አይገባም።

ልኩ እንዲህ ይገኛል። ልጁ ኹለት ክንዱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዘርግቶ ከአንዱ እጅ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ጣት ጫፍ ይለካል፤ የተገኘው ለ2.5 ሲካፈል የሚስበው ርዝመት በግምት ይታወቃል። 150 ሳንቲ ሜትር የተገኘ እንደ ኾነ የሚስበው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ይጨመርበት፤ ዠማሪ እየለመደ ሲኼድ አብልጦ ይስባልና፥ ልጅም ያድጋልና።

፪ኛ፤ ስለ ጥንካሬና ስለ ክብደት።

ፍላጻ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ የሚኼድ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ አውታሩ ከኋላ ሲገፋው ዘንጉ ይጐብጣል፥ እንደ ዓሣ እየተወዛወዘም በቀስቱ ጐን ያልፋል፥ ከዚያም በኋላ ይቃናል። ስለዚህ ዘንጉ ለቀስቱ ኀይል እጅግ የለሰለሰ እንደ ኾነ፥ በቀኝ እጁ ለሚስብ ልጅ ፍላጻው ወደ ቀኝ ይወጣበታል፤ እጅግ የጠነከረ እንደ ኾነ ወደ ግራ ይወጣበታል። መምህሩ ይህን ሳያውቅ አላነጣጠርህም ብሎ ቢገሥጸው ልጁ ያለ ጥፋቱ ተስፋ ይቈርጣል።

ጥንካሬውን ለመመርመር ዘንጉ ሳይቈረጥ 66 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ኹለት ድጋፎች ላይ አጋድሞ በመካከሉ 900 ግራም ማንጠልጠልና ምን ያህል እንደ ጐበጠ መለካት ነው። 10 ኪሎ ለሚስብ ቀስት የሚስማማው የዕንጨት ዘንግ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጐብጣል። ከዚህም ይልቅ የሚጠቅመው የአንድ ልጅ ፍላጾች ኹሉ እኩል መጕበጣቸው ነው፤ ስድስቱ ፍላጻ ስድስት ጠባይ ያለው እንደ ኾነ ስሕተቱ የእጅ ይኹን የዘንግ አይለይምና።

ደግሞ እጅግ የቀለለ ፍላጻ የቀስቱን ኀይል ተቀብሎ ሊወስድ አይችልም፤ የተረፈው ኀይል ወደ ቀስቱ ተመልሶ ይጐዳዋል። ስለዚህ 10 ኪሎ ለሚስብ የዕንጨት ቀስት ከ12 ግራም የቀለለ ፍላጻ አይሰጥ፤ ፍላጻ የሌለበትንም አውታር ስቦ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም።

፫ኛ፤ ስለ ዘንግ፥ ስለ ላባና ስለ ጫፍ።

ይህ ምርጫ የተማረ ሰው የሚንቀው ነገር አይደለም። ኋላ የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥን በልጅነቷ ያስተማረ ሮጀር አስካም የሚባል የካምብሪጅ መምህር በ1545 ዓመት በፈረንጅ አቈጣጠር ስለ ቀስት መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም ከላባ ኹሉ የዝይን ላባ አመሰገነ። በዚያው ዓመት ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከ3,000 የሚበልጥ ፍላጻ ተገኝቷል።

የዕንጨት ዘንግ ሲመረጥ ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የወረደውን መውሰድ ነው። ላባው ሦስት ይኹን፤ ሦስቱም ከቀኝ ክንፍ ወይም ሦስቱም ከግራ ክንፍ የተወሰዱ ይኹኑ። ከሦስቱ አንዱ መልኩ የተለየ ኾኖ ከቀስቱ ወደ ውጭ ይዙር።

ለዠማሪ የሚሰጠው ጫፍ ከዘንጉ ያልሰፋና ስለት የሌለው ነው። ባለ ስለቱ ጫፍ የአዳኝ ነው፤ እርሱም የሚገድለው ደም ሥርን ቈርጦ ነው። ፍላጾቹን በአንድ ስፍራ መሰብሰብ ያልቻለ ሰው አውሬን አቍስሎ ለሥቃይ ይሰደዋል እንጂ አያድንም። በሀገራችንም ሕግ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማደን ክልክል ነው።

፬ኛ፤ ስለ ዘወትር ምርመራ።

ፍላጻ ኹሉ ከመወርወሩ በፊት በዝግታ እየተጐነበሰ ይመርመር፤ የመሰንጠቅ ድምፅ ከተሰማበት በዚያው ጊዜ ተሰብሮ ይጣል፤ ሌላ ልጅ አንሥቶት እጁን እንዳይወጋው። ዛሬ የሚገኘው የካርቦን ፍላጻ ደግሞ ሲሰነጠቅ እንደ መርፌ የቀጠነ ስንጣሪ ያወጣልና በባዶ እጅ አይዳሰስ።

ጥያቄ።

፩ አጭር ፍላጻ ስለ ምን ያስፈራል?
፪ ክንዱ ሲዘረጋ 160 ሳንቲ ሜትር ለኾነ ልጅ ስንት ሳንቲ ሜትር ፍላጻ ይቈረጥለታል?
፫ አንዱ ፍላጻ ወደ ቀኝ፥ ሌላው ወደ ግራ ቢወጣ ልጁን ከመገሠጽ በፊት ምን ይመረመራል?