ከናሙና ወደ ሥዕል፦ በእህል በረንዳ አካባቢ ከመካከለኛ ደረጃ የሥዕል ክፍል ምን ይጠበቃል?

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ከሚሰጠው የሥዕል ትምህርት ምን መጠበቅ እንደሚገባ ይመረምራል። ምርመራውን የሚያካሂደው አንድን የተወሰነ ስፍራ፣ በመርካቶ የሚገኘውን እህል በረንዳን፣ መነሻ በማድረግ ነው። ጽሑፉ የመስክ መረጃ ትንተና ሳይሆን የንድፈ ሐሳብ ውይይትና የማስተማሪያ ሐሳብ ነው። ዋና መከራከሪያው የክፍሉ ግብ ያማረ ሥዕል ማስገኘት ሳይሆን ረጋ ብሎ ማየትን፣ መሞከርንና ምርጫን በቃል ማስረዳትን ማስተማር ነው የሚል ነው። ለዚህም የእህል ገበያው ያካበተው የማየት ልማድ ርካሽና ቅርብ የሆነ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የነጋዴ ዓይንና የሠዓሊ ዓይን አንድ አይደሉም፤ የመምህሩ ሥራ የሚጀምረውም በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ላይ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የሥዕል ትምህርት፣ መካከለኛ ደረጃ፣ ማስተዋል፣ እህል በረንዳ፣ የአካባቢ ዕውቀት

1. መግቢያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተዘጋጀው የአጠቃላይ ትምህርት የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ግን 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሳቸውን ችለው መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕልም «የክዋኔና የዕይታ ጥበባት» በሚል አንድ የትምህርት ዓይነት ሥር ተጠቃለዋል። አሰባሰቡ ጥበባቱን የሚያቀራርብ መልካም ጎን አለው። በሌላ በኩል ለሥዕል የሚደርሰው ጊዜ ከሌሎቹ ጋር የሚከፈል በመሆኑ በዚያ ጠባብ ጊዜ ውስጥ በቅድሚያ ሊጠበቅ የሚገባው ምን እንደሆነ መወሰን ግድ ይላል።

በልማድ የሚጠበቀው መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሣለውን ጎጆ ወይም ጀበና ተማሪው በደብተሩ እንዲገለብጥ ነው። በዚህ መንገድ ሲሠራ «ሥዕል የሚችሉ» ሁለት ሦስት ልጆች ይመሰገናሉ፤ የቀሩት አለመቻላቸውን ይማራሉ። ከእነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሠዓሊ አይሆኑም። ስለሆነም የክፍሉ ዋጋ ሊለካ የሚገባው ሠዓሊ ለማይሆነው ተማሪ በሚተወው ነገር ነው።

2. የዕድሜው ጠባይ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ በመደበኛው ስሌት የ13ና የ14 ዓመት ልጅ ነው። ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው የሕፃናት ሥዕል ጥናቱ ይህን ዕድሜ ልጁ የራሱን ሥራ በትልቅ ሰው ዓይን መተቸት የሚጀምርበት ወቅት አድርጎ አይቶታል። የስድስት ዓመት ሕፃን ከቤቱ የሚበልጥ ዶሮ ስሎ ይደሰታል። የ13 ዓመቱ ልጅ ግን ዶሮዋ ዶሮ አለመምሰሏን ያያል፤ እንድትመስል ለማድረግ የሚያስችለው ዘዴ ደግሞ ገና በእጁ የለም። ያየውና እጁ የሚሠራው ሳይገናኙ ሲቀሩ ብዙዎች እርሳሱን ያስቀምጣሉ። በኋላም ዕድሜያቸውን ሙሉ «እኔ ሥዕል አልችልም» ይላሉ።

ሎወንፌልድ ሌላም ጠቃሚ ልዩነት አመልክቷል። አንዳንዱ ተማሪ ዓለምን በዋናነት በዓይኑ የሚያውቅ ሲሆን ሌላው በመዳሰስና በአካሉ ስሜት የሚያውቅ ነው። የነገሩን መልክ መገልበጥን ብቻ የሚሸልም ክፍል ሁለተኛውን ተማሪ ከጅምሩ ይጥለዋል። በእጅ በመዳሰስ የሚታወቅ ነገር የሚቀርብበት ክፍል ግን ለሁለቱም በር ይከፍታል።

3. የእህል በረንዳ ዓይን

እህል በረንዳ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኝ የእህል ንግድ ስፍራ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናታቸው በኢትዮጵያ የእህል ገበያ የደላላን ሚና መርምረዋል። በጥናቱ ከጎሉት ነጥቦች አንዱ በጽሑፍ የተደነገገ የደረጃ ምደባ በሌለበት ገበያ የእህሉ ጥራት የሚታወቀው በቦታው ተገኝቶ በዓይን በማየት መሆኑ ነው። ከጆንያው የወጣው ናሙና በመዳፍ ላይ ይዘረጋል፤ ይታሻል፤ ይሸተታል፤ ወደ ብርሃን ይዞራል። ከዚያም ስም ይሰጠዋል፤ ዋጋ ይቆረጥለታል።

የጤፍ ስሞች ራሳቸው የቀለም መዝገብ ናቸው። ማኛ ከሁሉ የነጣው ነው። ነጭ ከእርሱ ይከተላል። ሰርገኛ ነጩና ቀዩ የተቀላቀሉበት ነው። ቀይ ጤፍ በሌላው ጫፍ ይገኛል። በማኛና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት ላልለመደ ዓይን የማይታይ ሊሆን ይችላል፤ ለለመደው ግን የገንዘብ ልዩነት ነው። በዚህ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ሁሉ ነጋዴ ባይሆንም እነዚህን ስሞች ከቤትም ከመንገድም ይሰማል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ከትምህርት ቤት ደጅ ላይ ሲቀር ምን እንደሚሆን የብራዚል ተሞክሮ ያሳያል። ቴሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት በሬሲፌ ከተማ ገበያ የሚነግዱ አምስት ልጆችን ሒሳብ ጠይቀዋል። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች 98 በመቶውን በትክክል መልሰዋል። ተመሳሳይ ስሌቶች በትምህርት ቤት መልክ፣ በቁጥር ብቻ፣ ሲቀርቡላቸው ውጤቱ ወደ 37 በመቶ ወርዷል፤ በቃላት ታሪክ ተደርገው ሲቀርቡ ደግሞ 74 በመቶ ሆኗል። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ቢሆኑም ጥያቄው ወደ ሥዕል ክፍልም ይሻገራል። በሰሌዳ ላይ ያለውን ጀበና አዛብቶ የገለበጠ ልጅ ማየት የማይችል ነው ወይስ የሚያየውን ነገር የጠየቀው የለም?

4. መለየትና ማስተዋል

ይሁንና የገበያውን ዓይን እንዳለ ወደ ክፍል ማስገባት አይበቃም። ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የሥነ ጥበብ መጽሐፉ መለየትንና ማስተዋልን ይነጣጥላል። መለየት ሳያድግ በአጭር የቀረ ማስተዋል ነው። አንድን ሰው አይተን ማንነቱን ካወቅን በኋላ ማየታችንን እናቆማለን፤ ዓላማችን ሰላም ማለት ብቻ ነበርና።

የነጋዴው እይታ እጅግ የሠለጠነ ነው፤ ነገር ግን ፍርድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ሰርገኛ ነው» ከተባለ በኋላ ጤፉን መመልከት ትርጉም የለውም፤ ቀጣዩ ጆንያ ይጠብቃል። የሠዓሊው እይታ ግን የሚጀምረው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው። ሰርገኛ ነው፤ ግን ጥላው ውስጥ ያለው ክፍል ምን ይመስላል? ከሩቅ ሲታይ ቀይና ነጩ የት ይሄዳሉ? ከመካከለኛ ደረጃ የሥዕል ክፍል የሚጠበቀው ተማሪው ለይቶ ካወቀ በኋላ ማየቱን እንዲቀጥል ማስቻል ነው። ይህ ችሎታ በተፈጥሮ ለጥቂቶች የተሰጠ ሳይሆን በልምምድ የሚገኝ ነው።

5. አራት ሥራዎች

የሚከተሉት አራት ሥራዎች እያንዳንዳቸው ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋሉ። የሚያስፈልጉት እርሳስ፣ ከሰል፣ በአንድ ገጹ የተጻፈበት ወረቀት፣ ካርቶንና አሮጌ ጆንያ ናቸው። ተማሪዎች በአምስት በአምስት ቢቧደኑ 50 ተማሪ ላለበት ክፍል አሥር ጭብጥ ናሙና ይበቃል።

5.1 የብርሃን ደረጃ። ተማሪዎች በመጀመሪያ ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ ያለው ሰንጠረዥ በእርሳስ ያዘጋጃሉ። ከዚያ ማኛ፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው እያዩ እያንዳንዱ በየትኛው ደረጃ እንደሚወድቅ ይወስናሉ። ቀጥሎ ያንኑ ማኛ በጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገው እንደገና ይፈርዳሉ። ጤፉ አልተለወጠም፤ መልኩ ግን ይለወጣል። በፓሪስ የጎብለን ጥልፍ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ስለ ጥቁር ቀለም መደብዘዝ የቀረበለትን ቅሬታ ሲመረምር ጉድለቱ ከቀለሙ ሳይሆን ከጎኑ ከተቀመጡት ቀለሞች መሆኑን ደርሶበታል፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1839 አሳትሟል።

ሰርገኛ ለብቻው ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የጤፍ ፍሬ ርዝመት ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የጤናማ ሰው ዓይን 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ለይቶ ማየት የሚያዳግተው ከ3 እስከ 4 ሜትር ሲርቅ ነው። ተማሪው ከናሙናው እየራቀ ሄዶ ቀይና ነጩ አንድ ቀለም የሚሆኑበትን ርቀት በእርምጃው ይለካል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሱራ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1886 በሠራው የግራንድ ዣት ሥዕል የተጠቀመበት የነጥብ ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። ተማሪውም ሰርገኛውን በመስመር ሳይሆን በእርሳስ ነጥብ ይሥላል።

5.2 ክብደት። ጭድ የሞላ፣ የጎደለና ባዶ ጆንያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሙሉው የተወጠረ ነው፤ የጎደለው ይጎብጣል፤ ባዶው ይጣጠፋል። ተማሪው የሚጠየቀው ጆንያን እንዲሥል ሳይሆን የትኛው እንደሚከብድ ሥዕሉን ያየ ሰው እንዲያውቅ እንዲያደርግ ነው። ጆንያዎቹ ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን መሸፈኑ፣ የራቀው ማነሱና የታችኛው ከላይ ባለው ሸክም መዘርጠጡ የርቀትና የቅርጽ ትምህርት ይሆናሉ።

5.3 እንቅስቃሴ። አንድ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ፣ የተሸከመ ሰው ወገቡ፣ ጉልበቱና አንገቱ የሚይዙት መስመር ከባዶ እጁን ሰው የተለየ ነው። በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ የጭድ ጆንያ ተሸክሞ ለአንድ ደቂቃ ይቆማል፤ ሌሎቹ ዝርዝር ሳይጨምሩ የአካሉን ዋና መስመር ብቻ በከሰል ይይዛሉ። ተሸካሚውም በየተራ ስለሚለዋወጥ ሁሉም ሸክሙን በአካሉ ካወቀው በኋላ ይሥለዋል። በመዳሰስ የሚያውቀው ተማሪ ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

5.4 ቁስና ምርጫ። ተማሪዎች የጆንያ ክር፣ የካርቶን ቁራጭና ጨርቅ በመለጠፍ ከቀደሙት ሥራዎች አንዱን እንደገና ይሠራሉ። አርአያው ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚሰበሰቡ የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችና ሽቦዎች ሰፋፊ ሥራዎችን ይሠራል፤ ሥራዎቹም በዓለም አቀፍ ሙዚየሞች ታይተዋል። ለተማሪው የሚተላለፈው ነጥብ የቁሱ ርካሽነት ሳይሆን አንዱ ሽቦ ከሌላው አጠገብ የተቀመጠው በምርጫ መሆኑ ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቡድን ምን እንደመረጠ፣ ምን እንደተወና ለምን እንደሆነ ለሁለት ደቂቃ ያስረዳል።

6. ምዘና

የሥራዎቹ ግብ መምሰል ብቻ ካልሆነ ምዘናውም መምሰልን ብቻ ሊለካ አይገባም። ኤሊየት አይስነር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ የጥበብ ትምህርት ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ መኖሩ እንደሆነ ያስገነዝባል። ከዚህ ተነሥተን ሦስት መመዘኛ ማቅረብ ይቻላል፦ ተማሪው በናሙናው ላይ ያየውንና ከዚያ በፊት ያላየውን ነገር በሥራው ማሳየቱ፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሙከራ መካከል የተደረገ ለውጥ መኖሩ፤ ምርጫውን በራሱ ቃል ማስረዳቱ። ለዚህም የተበላሹት ሙከራዎች ሳይጣሉ በአቃፊ አብረው መቀመጥ አለባቸው። ያለ እነርሱ ሁለተኛው መመዘኛ ሊታይ አይችልም።

7. ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ እህል ክቡር ነው። መርገጥና መድፋት ነውር በሆነበት ባህል ጤፍን በወረቀት ላይ በሙጫ ማጣበቅ ለጥበብ ሲባል የሚፈቀድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ናሙናው ታይቶ፣ ተሰብስቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ከተማሪዎቹ መካከል አባቱ ባለ መጋዘን የሆነም አባቱ ተሸካሚ የሆነም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሥራው የቤተሰብን ኑሮ የሚያጋልጥ ጥያቄ አይጠይቅም፤ በገበያው የሚሠሩ ሰዎችንም ያለ ፈቃዳቸው ቆሞ መሣል አይፈቅድም። ሦስተኛ፣ የአካባቢ ዕውቀት መነሻ እንጂ አጥር አይደለም። የመርካቶ ልጅ ጆንያን ብቻ ይሣል ማለት የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ረቂቅ ሥራዎችና የሌላውን ዓለም ጥበብ ከእርሱ መንፈግ ነው።

8. መደምደሚያ

ከመካከለኛ ደረጃ የሥዕል ክፍል የሚጠበቀው ጥቂት የተሸለሙ ሥዕሎች አይደሉም። በ8ኛ ክፍል መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ አንድን የታወቀ ነገር አሥር ደቂቃ ተመልክቶ አዲስ ነገር ማግኘት፣ የመጀመሪያ ሙከራውን ማሻሻልና ለምን እንዲህ እንዳደረገ መናገር ሊችል ይገባል። ይህን ለማስተማር የጎደለው ውድ ቀለም ወይም የተለየ ስቱዲዮ አይደለም። ጭብጥ ጤፍ፣ አሮጌ ጆንያና ከሰል ለመጀመር ይበቃሉ። የማይታለፈው ግን ክፍለ ጊዜው ነው። የሥዕል ሰዓት ለሌላ ትምህርት ማካካሻ በተሰጠ ቁጥር የሚቀረው በትክክል ያ የማየት ጊዜ ነው። በመጪው ሥራ እነዚህ አራት ሥራዎች በክፍል ተሞክረው፣ የተማሪዎቹ አቃፊዎች በሦስቱ መመዘኛዎች ቢመረመሩ እዚህ የቀረበው መከራከሪያ ይጸናል ወይም ይታረማል።